መዶሻው በእጅ የሚነሣ ስድስት ጎራሽ ሽጉጥ በጋቢ ሥር ይያዛል?

ከደሴ የተላከው ጥያቄ እንዲህ ይላል፦ «የከብት ነጋዴ ስለሆንሁ ሰኞ ሰኞ ባቲ ገበያ እወርዳለሁ፤ ስመለስ ገንዘብ እይዛለሁ። ከአያቴ የወረስሁት ስድስት ጎራሽ ሽጉጥ አለኝ። መዶሻው በአውራ ጣት ካልተነሣ ቃታው ቢሳብም አይተኩስም፤ ስለዚህ ከሌላው ሽጉጥ ሁሉ ለባለቤቱ የማያሰጋ ይሄ ነው ይሉኛል። ስድስቱንም ጥይት አጉርሼ፣ መዶሻውን በግማሽ አቁሜ፣ ወገቤ ላይ ሸጉጬ ጋቢ ብደርብበት ምን ችግር አለው? ፈቃዱ በአያቴ ስም ነበር።»

አይያዙት። ስድስቱንም ማጉረስ፣ መዶሻውን በግማሽ ማቆምና ያለ አፎት ወገብ ላይ መሸጎጥ እያንዳንዱ ለብቻው አደጋ ነው፤ ሦስቱ አንድ ላይ ሲሆኑ ደግሞ ጥይቱ ዘራፊ ዘንድ ሳይደርስ የራስዎን ጭን ወይም አጠገብዎ የተቀመጠውን መንገደኛ ቢያገኝ የሚያስገርም አይሆንም። የፈቃዱም ነገር እርስዎ እንዳሰቡት አይደለም፤ ወደ እሱ በኋላ እመለሳለሁ።

የዚህ ዓይነቱ ሽጉጥ ዋነኛ አብነት እ.ኤ.አ. በ1873 የአሜሪካ ጦር የተቀበለው ኮልት ሲሆን ከዚያ ወዲህ በየአገሩ የተሠሩት ብዙዎቹ አምሳያዎቹ አሠራሩን ሳይለውጡ ወስደዋል። ቃታው አንድ ሥራ ብቻ አለው፤ እሱም የተነሣውን መዶሻ መልቀቅ ነው። መዶሻውን የሚያነሣው፣ በዚያውም ተዟዟሪውን የጥይት ቋት ወደሚቀጥለው ጥይት የሚያዞረው የተኳሹ አውራ ጣት ነው። ስለዚህ መዶሻው ካልተነሣ ቃታ በመሳብ ብቻ አይተኩስም ያሉዎት ሰዎች በዚህ በኩል እውነት ተናግረዋል። የተሳሳቱት ጥይት የሚነሣው ቃታ ሲሳብ ብቻ ነው ብለው ማሰባቸው ላይ ነው። በአሮጌው አሠራር መምቻ መርፌው መዶሻው ግንባር ላይ የተተከለ በመሆኑ፣ መዶሻው ሙሉ በሙሉ ወርዶ ሲቀመጥ የመርፌው ጫፍ የሚያርፈው ፊት ለፊቱ ባለው ጥይት ካፕሱል፣ ማለትም ሲመታ ባሩዱን በሚያቀጣጥለው የጥይቱ የኋላ ክፍል ላይ ነው። ሽጉጡ ከወገብ አምልጦ በመዶሻው በኩል መሬት ቢመታ፣ ወይም በሬ ሲጭኑ የመኪናው የጎን ብረት መዶሻውን ቢያገኘው፣ ያ አንድ ምት ካፕሱሉን ለማቀጣጠል ይበቃል። ቃታውን ማንም ሳይነካው ጥይቱ ይወጣል።

መዶሻውን በግማሽ ማቆም ይህን ችግር የሚያስወግድ መስሎ የታየዎት ብዙ ሰው ስለሚያደርገው ይሆናል። መዶሻው ታችኛው ክፍል ላይ የተቆረጡ ጥርሶች አሉ፤ መዶሻው ሲነሣ የቃታው ጫፍ በየተራ ይገባባቸዋል፤ ሲነሣ የሚሰማው ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅም በከፊል የሚመጣው ከዚሁ ነው። የመጀመሪያው ጥርስ መርፌውን ከካፕሱሉ በጥቂቱ ያርቀዋል። ሁለተኛው፣ ማለትም ግማሽ የሚባለው፣ የተሠራው ቋቱ በነፃ እንዲዞር ለማድረግና በጎን በኩል ባለችው መዝጊያ ጥይት ለማጉረስ ወይም ቀለህ ለማውጣት ነው። የመጨረሻው ለመተኮስ ነው። እርስዎ እንደ ሴፍቲ የቆጠሩት ማጉረሻውን ነው፤ በዚያ ቦታ ላይ ደግሞ ቋቱን የሚያስረው ቁልፍ ወርዶ ስለሚቆይ፣ ሲራመዱ ቋቱ ከልብስዎ ጋር እየታሸ ሊዞር ይችላል። የመጀመሪያው ጥርስም ቢሆን እምነት የሚጣልበት አይደለም፤ የቃታው ጫፍ ቀጭን ብረት ነውና ጠንከር ያለ ምት ሲያርፍበት ይሰበራል፣ ወይም ጥርሱ ይረግፋል። የብዙ አሥርት ዓመታት ዕድሜ ባለው ሽጉጥ ላይ ጥርሱ ተበልቶ ማግኘት የተለመደ ነው፤ አንዳንዱ ደግሞ ቃታው እንዲቀል ተብሎ በሞረድ የተነካካ ነው፤ እንዲህ ያለውን ሽጉጥ እኔ ጥይት አጉርሼ ጠረጴዛ ላይ እንኳ አላስቀምጠውም።

በእነዚህ ሽጉጦች ሲገለገሉ የኖሩ ሰዎች ዘዴያቸው ቀላል ነበር፤ ስድስት በሚጎርሰው ላይ አምስት ብቻ ያጎርሱና መዶሻውን ባዶው ቀዳዳ ላይ ያወርዱታል። ሌላ መፍትሔ የመጣው ዘግይቶ ነው። ሩገር የተባለው የአሜሪካ ፋብሪካ መርፌውን ከመዶሻው ላይ አንሥቶ በሽጉጡ አካል ውስጥ ካደረገ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1973 በመዶሻውና በመርፌው መካከል ቃታ ሲሳብ ብቻ ከፍ የምትል አስተላላፊ ብረት አስገባ፤ ቃታው ካልተሳበ ብረቷ ዝቅ ብላ ስለምትቆይ መዶሻው ቢመታም ምቱ መርፌው ዘንድ አይደርስም። እንዲህ ያለው ሽጉጥ ስድስቱንም ጎርሶ ሊያዝ ይችላል። የእርስዎ የአያትዎ ከሆነ ግን ከዚያ ዓመት በፊት የተሠራ ለመሆኑ ብዙ አያጠራጥርም፤ መዶሻው ግንባር ላይ ሹል መርፌ ካዩ ደግሞ ጥርጣሬው አብቅቷል፤ ከአምስት ጥይት በላይ ሊጎርስ የማይገባው ሽጉጥ ነው ማለት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ማጣራት አለ። በእኛ አካባቢ በየቤቱ የቀሩ ስድስት ጎራሾች ሁሉ መዶሻቸው በእጅ ብቻ የሚነሣ አይደሉም። ለምሳሌ ከጣልያን ጦር ጋር የመጣው እ.ኤ.አ. የ1889 ሞዴል ቦዴኦ መዶሻው በአውራ ጣትም ይነሣል፣ ቃታው ብቻ ሲሳብም ራሱ ተነሥቶ ይመታል። ሰባት ጥይት የሚጎርሰው የሩሲያ ጦር ሽጉጥ፣ እ.ኤ.አ. የ1895 ናጋንት፣ በሁለቱም ዓይነት ተሠርቷል፤ ለተራው ወታደር መዶሻው በእጅ የሚነሣው፣ ለመኮንኑ ደግሞ ቃታው የሚያነሣው ይሰጥ ነበር። ስለዚህ «ቃታው ቢሳብ አይተኩስም» የሚለው አባባል ለእርስዎ ሽጉጥ መሥራቱን ያረጋገጠ ሰው ከሌለ፣ ባዶነቱን በዓይንም በጣትም ያረጋገጠ ባለሙያ ይሞክረው። ቃታው ጠንክሮ ለመሳብ ያስቸገረ አሮጌ ሽጉጥ «በእጅ ብቻ የሚነሣ» ተብሎ ተሰይሞ ሲኖር ይገኛል።

ብዙ ሰው ስለዚህ ሽጉጥ ሲከራከር የሚያነሣው ፍጥነቱን ነው፤ ለእያንዳንዱ ጥይት መዶሻ ማንሣት ያዘገያል ይባላል። ለእኔ ይህ ትንሹ ጉድለት ነው፤ የተለማመደ ሰው የመጀመሪያውን ጥይት በበቂ ፍጥነት ይተኩሳል። ትልቁ ችግር የሚመጣው ሳይተኮስ ሲቀር ነው። እንዲህ ያስቡት፦ መሸት ሲል ሁለት ሰዎች መንገድ ዘጉብዎ፤ ሽጉጡን አወጡ፤ መዶሻውን አነሡ፤ ሰዎቹ አይተው ሸሹ። አሁን በእጅዎ ያለው መዶሻው የተነሣ ሽጉጥ ነው። በዚህ ሁኔታ ቃታውን ለመልቀቅ የሚያስፈልገው ኃይል አንድ ኪሎ ወይም ከዚያ ጥቂት ከፍ ያለ ክብደት የማንሣት ያህል ብቻ ነው፤ ቃታው ራሱ መዶሻውን በሚያነሣባቸው ሽጉጦች ግን ለአንድ ጥይት አምስት ኪሎ ያህል የሚመዝን ስበት ያስፈልጋል። ልዩነቱ የሚፈጥረው የሚንቀጠቀጥ ጣት ስሕተት ሲሠራ የሚቀረውን ፋታ ነው። ከዚያ መዶሻውን ማውረድ አለብዎ፤ ለማውረድ ደግሞ ቃታውን መሳብ ግዴታ ነው። ሊተኩሱ ሲሉ የሚያደርጉትን እንቅስቃሴ፣ እንዳይተኩስ አድርገው፣ የመዶሻውን ጉልበት በአውራ ጣትዎ ብቻ ይዘው መፈጸም ይጠበቅብዎታል። ጦሳ ተራራ ሥር በብርድ የደነዘዘ፣ ወይም ባቲ ላይ በላብ የረጠበ አውራ ጣት ከመዶሻው ጭራ ላይ ከተንሸራተተ ሽጉጡ ይተኩሳል። ልብ በድንጋጤ ሲመታ ጣቶች ረቂቅ ሥራ መሥራት ያቅታቸዋል፤ ይህ የፍርሃት ወይም የጀግንነት ጉዳይ ሳይሆን የሰውነት ጠባይ ነው። መዶሻው እንደተነሣ ወገብ ላይ መልሶ መሸጎጥን ያሰበ ሰው ካለ ደግሞ ምክሬ ለእሱ አይደርስም።

ይህን ማውረድ ባዶ ሽጉጥ ላይ ብዙ ጊዜ ተለማምዶ ማሻሻል ይቻላል። ነገር ግን ልምምዱ የሚጠቅመው ዘወትር ለሚያደርገው ሰው ነው፤ ሰኞ ሰኞ ብቻ ሽጉጥ የሚይዝ ነጋዴ ግን እጁ በከብት ገመድ የተያዘ ስለሆነ፣ ቅዳሜና እሑድን ለመዶሻ ማውረጃ ይሰጣል ብዬ አላምንም።

ወደ ጋቢው ልምጣ። ይህ ሽጉጥ የተሠራው ቀበቶ ላይ በግልጽ አፎት ውስጥ ሆኖ እንዲያዝ ነው፤ ቅርጹ ሁሉ ለዚያ የታሰበ ነው። መዶሻው በአውራ ጣት እንዲነሣ ጭራው ረዥምና ወደ ላይ የወጣ ነው፤ የጋቢ ዘርፍ፣ የሹራብ ክር ወይም የኮት ገበር የሚያያዘው እዚያ ላይ ነው። ሽጉጡን ሲያወጡ ጨርቁ መዶሻውን ይዞ ሊያስቀረው፣ በከፋ አጋጣሚም መዶሻውን አንሥቶ ሊለቀው ይችላል። በጋቢ ሥር ያለን ሽጉጥ ለማውጣት አንዱ እጅ ጋቢውን መግለጥ አለበት፤ አንድ እጅዎ የገንዘብ ከረጢት ወይም የበሬ ገመድ ከያዘ ሽጉጡ ለእርስዎ የለም ማለት ነው። ክብደቱ ከአንድ ኪሎ አካባቢ አያንስም፤ ቋቱ ከአራት ሴንቲ ሜትር በላይ ስፋት ስላለው ቀጭን ልብስ ሥር ይታወቃል፤ በሙቀት ቆላማውን ባቲ የወረደ ሰው ጋቢውን አውልቆ ትከሻው ላይ ሲጥል ደግሞ የተደበቀው ሁሉ በአንድ ጊዜ ይገለጣል። ያለ አፎት ወገብ ላይ የተሸጎጠ ሽጉጥ በቀን ውስጥ ስንት ጊዜ ቦታ እንደሚለቅ ልብ ይበሉ፦ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ቁልቁል በሚወርደው ጠመዝማዛ መንገድ በተጨናነቀ ሚኒባስ ውስጥ፣ ለቡና ዝቅ ያለ በርጩማ ላይ ሲቀመጡ፣ መስጊድም ሆነ ቤተ ክርስቲያን ግንባርዎን መሬት አስነክተው ሲሰግዱ። በስግደት መሐል ወለል ላይ የወደቀ ስድስት ጥይት የጎረሰ አሮጌ ሽጉጥ ምን እንደሚያመጣ ከላይ ተናግሬአለሁ። የወሎ ሰው መሣሪያን በትከሻ በግልጽ ማንገት ነው የለመደው፤ ያ ልማድ የራሱ ጣጣ ቢኖረውም፣ በግልጽ የተያዘን መሣሪያ ባለቤቱም አጠገቡ ያለውም ሰው አይረሳውም።

ስድስት ጎራሽ አይከሽፍም የሚለው እምነትም በአሮጌ ሽጉጥ ላይ አይሠራም። የዚህ ዓይነቱ ሽጉጥ ውስጡ የሚንቀሳቀሰው በጠፍጣፋ ቀጫጭን ምንጮች ነው፤ የቃታውንና የቋት ማሰሪያውን የሚገፋው ምንጭ በመሰበር የታወቀ ነው፤ ሲሰበር ቋቱ ከአፈሙዙ ቀዳዳ ጋር በትክክል ሳይገጥም ይቀርና ጥይቱ ብረት እየላጠ ይወጣል። ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ጥይቱ ነው። የኮልት ፋብሪካ ራሱ ይህን ሽጉጥ ለጢስ አልባ ባሩድ ይሆናል ብሎ ዋስትና የሰጠው እ.ኤ.አ. ከ1900 ወዲህ ለተሠሩት ነው፤ ከዚያ በፊት የተሠራው ለጥቁር ባሩድ ግፊት የተሠራ በመሆኑ ዘመናዊ ጥይት ቢጎርስ ቋቱ እጅ ላይ ሊፈነዳ ይችላል። «ገባ» ማለት «ይሆናል» ማለት አይደለም፤ መጠናቸው የተቀራረበ ጥይቶች አንዱ በሌላው ቋት ውስጥ ሊገቡ ይችላሉና። ከአያትዎ ጋር የኖሩት ጥይቶች ቀለሃቸው አረንጓዴ ዝገት ካወጣ ወይም የክረምት እርጥበት ካገኛቸው አይተኩሷቸው፤ አንድ ጥይት እንደ ነገሩ ነድዶ እርሳሱ አፈሙዝ ውስጥ ቢቀርና ተከታዩ ቢተኮስበት አፈሙዙ ይሰነጠቃል። ጥይት ሲያልቅም ባዶ ቀለሁን በጎን መዝጊያው አንድ በአንድ ገፍቶ ማውጣት፣ አዲሱንም አንድ በአንድ ማጉረስ ነው፤ በችግር ሰዓት ሁለተኛ ዙር የለም ብለው ይቁጠሩ።

ፈቃድን በተመለከተ፦ በሥራ ላይ ያለው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ነው። ፈቃድ የሚሰጠው ለሰው ነው፤ ሽጉጡ በውርስ ሲተላለፍ የአያትዎ ፈቃድ አብሮ አይተላለፍም። አሁን ባለዎት ሁኔታ ሽጉጡን ቤት ማስቀመጥዎ ራሱ መስተካከል ያለበት ነገር ሆኖ ሳለ፣ ተሸክመውት ኬላ ማለፍ ደግሞ ጉዳዩን ያብሰዋል፤ በፍተሻ ላይ ከጋቢ ሥር የተገኘ ያልተመዘገበ ሽጉጥን «የአያቴ ነው» የሚለው ቃል አያድነውም። ፈቃድ ቢያገኙ እንኳ ፈቃዱ መቼና የት እንዲይዙ እንደሚፈቅድልዎ፣ በአካባቢው ተጨማሪ ክልከላ መኖር አለመኖሩን ፈቃዱን ከሚሰጠው ፖሊስ ዘንድ ይጠይቁ። ሌላም አለ። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 78 ሕጋዊ መከላከልን ይፈቅዳል፤ ነገር ግን መከላከሉ ከጥቃቱ ጋር የተመጣጠነ መሆን አለበት፤ ልክ ያለፈውን አንቀጽ 79 ለብቻው ይዳኘዋል። ከረጢት ነጥቆ እየሮጠ ባለ ሰው ጀርባ ላይ የተተኮሰ ጥይት ከዚህ ልክ ውስጥ ይገባል ብለው እንዳይተማመኑ። መዶሻ ሲያወርዱ አምልጦ መንገደኛን የገደለ ጥይት ደግሞ ወደ አንቀጽ 543፣ ወደ ቸልተኝነት ግድያ ይወስዳል፤ ስድስቱንም ጎርሶ በግማሽ የቆመ አሮጌ ሽጉጥ ይዞ መገኘትም የቸልተኝነቱ ማስረጃ ሆኖ ይቀርባል።

የሚያሳስብዎ ገንዘቡ ከሆነ መፍትሔው ገንዘቡን አለመያዝ ነው። ባቲ ላይ በሬ የሸጡበትን ዋጋ እዚያው በባንክ አስገብተው ወይም በቴሌብር ተቀብለው ቢመለሱ የሚጠበቅ ከረጢት አይኖርም። ገዢው ጥሬ ገንዘብ ብቻ ነው ያለኝ ካለ፣ ባንኩ ሳይዘጋ እንዲደርሱ ሽያጩን ከቀትር በፊት መጨረስና ጀንበር ሳታዘቀዝቅ ከሌሎች ነጋዴዎች ጋር መመለስ ይህ ሽጉጥ ከሚሰጥዎ የበለጠ ጥበቃ ይሰጥዎታል። ሕጉ ፈቅዶልዎ፣ ፖሊስም ስጋትዎን ተቀብሎ ሽጉጥ መያዝ ግድ ቢሆንብዎ፣ ለመደበቅ የተሠራ ትንሽ ባለ አምስት ጎራሽ ይምረጡ፤ መዶሻው በአካሉ ውስጥ የተሸፈነ፣ ጨርቅ የሚይዘው ጭራ የሌለው፣ ቃታው ብቻ ሙሉ ሥራውን የሚሠራ ይሁን፤ ቃታውን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን ጠንካራ አፎትም ይኑረው። እሱም ቢሆን ልምምድ ይጠይቃል፤ ከጥይት ብዛቱ ይልቅ የሚያስተማምነው ያልተኮሰ እጅ መዶሻ ማውረድ የማያስፈልገው መሆኑ ነው።

የአያትዎን ሽጉጥ በተመለከተ የማሳስብዎ ቅደም ተከተል አለ። አሁን ጥይት ካለበት እና ማውጣቱን በእርግጠኝነት ካላወቁ፣ መዶሻውን አይነካኩት፤ አፈሙዙን ሰው ወደሌለበት አዙረው፣ ልጆች ከማይደርሱበት ቦታ ቆልፈው ያስቀምጡት። ዝገት ካያያዘው ቋቱን በጉልበት ለማዞር አይሞክሩ። ከዚያ ወደ ፖሊስ ጽሕፈት ቤት ይሂዱ፤ ሲሄዱ ግን ሽጉጡን ይዘው አይሂዱ። ባዶ እጅዎን ሄደው ውርሱን ያስረዱ፤ የአያትዎን የፈቃድ ወረቀት ካገኙት እሱን ያሳዩ፤ ሽጉጡ እንዴትና በማን እጅ እንደሚቀርብ እነሱ ይንገሩዎ። ጥይቱን የሚያወጣ ባለሙያ እንዲገኝ ያን ጊዜውኑ ይጠይቁ። ለቅርስነት በቤትዎ እንዲቆይ ከተፈቀደልዎ ጥይቱ ከሽጉጡ ተለይቶ በሌላ ቁልፍ ይቀመጥ፤ ክረምት ሲገባም አፈሙዙንና ቋቱን በቀጭኑ ዘይት ማስነካትን አይርሱ።